በመጥበሻ ስለሚጠበስ ዶሮ

በመጥበሻ የተጠበሰ ዶሮ ያንን የሚወደድ ቀይ ኅብርና መዓዛ ሳይለብስ ገርጥቶ የሚቀርበት ዋና ምክንያት በላዩ ያደረው እርጥበት ነው፤ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የእሳቱን ኃይል ለራሱ ስለሚወስደው፣ የሥጋው ገጽ ከ100 ዲግሪ እምብዛም ሳያልፍ ይቆያል፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የገለጠው የመቅላት ምሥጢር ግን የሚፋጠነው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው።

ስለዚህ እንደ ልማዳችን በሎሚና በጨው የታጠበው ብልት ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ፈጽሞ ይድረቅ። መጥበሻው አስቀድሞ ይጋል፤ ብልቶቹም ተራርቀው ይቀመጡ፤ ከተጨናነቁ በገዛ እንፋሎታቸው ይቀቀላሉና። ከሁሉ አብልጬ የምማጠነው ግን ትዕግሥትን ነው፦ ሥጋው ከብረቱ በራሱ እስኪላቀቅ አይነካ፤ ቀድሞ ከተገለበጠ ቆዳው ይገሸለጣል። የወፍራሙ ክፍል ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ይውጣ።