በሕንድ አገር ጎብኚ የማይበዛባቸው የሐበሾች መታሰቢያዎች
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)




ዛሬ ማታ የምንናገረው ስለ ሕንድ አገር ጉዞ ነው። ስለ ሕንድ ሲነሣ የብዙዎቻችን አሳብ ወዲያው የሚሮጠው ወደ አግራው ታጅ ማሃል፥ ወደ ጃይፑር ቤተ መንግሥቶችና ወደ ጎዋ የባሕር ዳርቻ ነው። የእነዚህን ውበት የሚክድ የለም። ነገር ግን በዚያው በሕንድ ምድር የጎብኚዎች አውቶቡስ ሳይቆም የሚያልፋቸው፥ ለኢትዮጵያዊ ግን ከታጅ ማሃል ይልቅ ብዙ የሚናገሩ ቦታዎች አሉ። እነዚህም ከባሕር ማዶ ተሽጠው የሄዱ ሐበሾች የገዙአቸው፥ የሠሩአቸውና የተቀበሩባቸው ከተሞች፥ ምሽጎችና መቃብሮች ናቸው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር። ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሕንድ፥ ይልቁንም ከኬራላ የመጡ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል። ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን መካከል የሕንድ መምህሩን ስም እስከ ዛሬ የሚያነሣ ብዙ ነው። ዛሬም ብዙ ኢትዮጵያውያን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳሉ። እንዲህ ተቀራርበን ሳለን የመሊክ አምበርን ስም የሚያውቅ ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ወደ ቦታዎቹ ከመሄዳችን በፊት አንድ ቃል እናጥራ። በሕንድ ታሪክ «ሐብሺ» ወይም «ሲዲ» የሚባሉት ከአፍሪቃ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። «ሐብሺ» የሚለው ቃል ከእኛው ስም የወጣ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ዳሩ ግን በዚህ ስም የተጠራ ሁሉ የእኛ አገር ሰው ነበረ ማለት አይደለም። ከዘይላና ከምጽዋ የተጫነውም፥ ከስዋሂሊ ጠረፍና ከሞዛምቢክ የተወሰደውም በአንድ ስም የሚጠራበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህ በሕንድ አገር ጥቁር ሰው በተጠቀሰ ቁጥር «ይህ ዘመዳችን ነው» እያልን ብንፎክር እውነቱን እንስታለን።

የዴካን ሱልጣኖች እነዚህን ሰዎች ስለ ምን ይገዙአቸው ነበር? አሳባቸው ባሪያው በአገሩ ዘመድም ርስትም ስለሌለው ለጌታው ብቻ ይታመናል የሚል ነበር። ስለዚህ ፈረስ መጋለብና መዋጋት እያስተማሩ ወታደር ያደርጉአቸዋል። ብልሁና ጀግናው ጌታው ሲሞት ነጻ ይወጣል፤ የጦር አለቃ፥ አገረ ገዢ፥ አንዳንድ ጊዜም ዋና ሚኒስትር ይሆናል።

የመጀመሪያው ቦታ በማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ኩልዳባድ ነው። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፥ እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለው የካይላሳ ቤተ መቅደስ ያለበት ኤሎራ አለ። ጎብኚው ኤሎራን አይቶ ይመለሳል። ኩልዳባድ የሚደርስም ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው በ1707 የሞተውን የሙጋሉን ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብን መቃብር ነው። ጉልላት ያለው የመሊክ አምበር መቃብር ግን ጭር እንዳለ ይውላል።

አምበር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ምድር ተወለደ። በልጅነቱ ተሸጦ በሞካ ወደብ በኩል አልፎ ባግዳድ ደረሰ። እዚያ የገዛው ነጋዴ ንባብ፥ ጽሕፈትና ሒሳብ አስተማረው፤ እስላምም ሆኖ አምበር ተባለ። ኋላ ወደ ዴካን ተወስዶ ለአሕመድናጋር ሱልጣን ዋና ሚኒስትር ለቺንጊዝ ካን ተሸጠ። የሚያስደንቀው፥ ገዢው ቺንጊዝ ካን ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ መሆኑ ነው። ጌታው ሲሞት አምበር ነጻ ወጣ፤ ጥቂት ፈረሰኞችም ሰብስቦ የራሱን ጦር አቆመ።

በ1600 ሙጋሎች የአሕመድናጋርን ከተማ ሲይዙ መንግሥቱ ያለቀለት መስሎ ነበር። አምበር ግን ከንጉሣዊው ቤተ ሰብ አንዱን አንግሦ ራሱ እንደራሴ ሆነ፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህልም በጊዜው ከዓለም ኃያላን አንዱ ከሆነው መንግሥት ጋር ተዋጋ። ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ በቀላል ፈረሰኛ ሌሊት እየወረደ የጠላትን ስንቅ ይቆርጥ ነበር። ኋላ የሙጋሎችን ኃይል የተገዳደሩት ማራታዎች በእሱ ሠራዊት ውስጥ አገልግለዋል፤ የማራታው ንጉሥ የሺቫጂ አባት ሻሐጂም በ1624 በባትቫዲ ጦርነት ከአምበር ወገን ተሰልፎ ነበረ። ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር አምበርን እጅግ ከመጥላቱ የተነሣ፥ የተቆረጠ የአምበርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሥሎአል። ያ ነገር በሥዕል እንጂ በሜዳ ላይ አልሆነም። አምበር አርጅቶ በ1626 ሞተ፤ ጃሃንጊርም በዓመቱ ተከተለው።

ከኩልዳባድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ከተማ የቆረቆረው አምበር ነው፤ በ1610 ኺርኪ ተብላ ተመሠረተች። ከኮረብታዎች ሥር ያለውን ውሃ ከመሬት በታች በተሠራ ቦይ ወደ ከተማዪቱ አመጣላት፤ ቦዩም እስከ ዛሬ በስሙ ናሃረ አምበሪ ይባላል። ከተማዪቱ በ1653 አውራንጋባድ ተባለች፤ በ2023 ደግሞ ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆነ። ብዙ ጊዜ ስም ሲወጣላት የመሥራቹ ስም በአንዱም ውስጥ የለም። የቀረው ከመሬት በታች ያለው ውሃው ነው።

ሁለተኛው ቦታ ጃንጂራ ነው። ከሙምባይ በስተ ደቡብ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሙሩድ በሚባለው ከተማ አጠገብ፥ በባሕሩ መካከል የተሠራ ምሽግ ነው። ስሙም «ደሴት» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የወጣ ነው። ራጃፑሪ ከሚባለው መንደር በጀልባ ይኬዳል። ግንቡ በቀጥታ ከባሕሩ ላይ ይነሣል፤ በሩም ጀልባዪቱ ከሥሩ እስክትጠጋ ድረስ አይታይም። በበሩ አጠገብ ዝሆኖችን በጥፍሮቹ የያዘ አውሬ በድንጋይ ተቀርጾአል። በውስጡ ትልልቅ መድፎች፥ የፈረሱ ቤቶች፥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቁ የጨው ባሕር የከበባቸው ጣፋጭ የውሃ ኩሬዎች አሉ።

ይህን ምሽግ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የያዙት የሲዲ ገዢዎች ናቸው። የባሕር ኃይል ስለ ነበራቸው የሙጋሎችን መርከቦች ይመሩ ነበር። ሺቫጂ ብዙ ጊዜ ሞክሮ ምሽጉን መያዝ አልቻለም፤ በአቅራቢያው በሌላ ደሴት ላይ ፓድማዱርግ የሚባል ተቃራኒ ምሽግ እስከ መሥራት ደርሶአል። ልጁ ሳምባጂ በ1682 ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ መንገድ ሊያወጣ ጀምሮ ሳይፈጽመው ተመለሰ። የጃንጂራ ሲዲዎች ግዛት ከነጻይቱ ሕንድ ጋር የተቀላቀለው በ1948 ነው።

ሦስተኛው ቦታ በካርናታካ ክፍለ ሀገር ያለችው ቢዳር ናት። ከሃይደራባድ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የባሕማኒ ሱልጣኖች ዋና ከተማ ነበረች። ታላቁ ምሽግና ሚኒስትሩ ማሕሙድ ጋዋን በ1472 ያሠራው ትምህርት ቤት ፍርስራሽ ለእኛ ለተማሪዎች ሊታይ የሚገባው ነው፤ ከግንቡ ላይ የቀረው ባለ ቀለም ሸክላ በዘመኑ ለትምህርት ምን ያህል ገንዘብ ይወጣ እንደ ነበር ይመሰክራል። ከከተማዪቱ በስተ ምሥራቅ «ሐብሺ ኮት» የሚባል ኮረብታ አለ፤ ትርጉሙ የሐበሾች ምሽግ ማለት ነው። በላዩ የሐበሻ መኳንንት መቃብሮች ይገኛሉ። በዚያን ጊዜ ሐበሾቹ ከአገሩ ተወላጆች ጋር ሆነው ከፋርስና ከሌላ አገር ከመጡት ሹማምንት ጋር ይፎካከሩ ነበር። በቢዳር ገበያ ውስጥ ጥቁር የተደረገ ዕቃ በብር ሽቦ ሲለብጡ የሚውሉ አንጥረኞችም አሉ፤ ዕቃውን ለማጥቆር የሚፈልጉትን አፈር የሚያመጡት ከዚያው ከአሮጌው ምሽግ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ዛሬ ቪጃያፑራ በምትባለው በቢጃፑር፥ በ1627 የሞተው የኢብራሂም አዲል ሻህ መቃብር «ኢብራሂም ራውዛ» ይባላል፤ የሕንፃውን ሥራ የመራው መሊክ ሳንዳል የሚባል ሐበሻ ነበር። በአሕመዳባድ በ1572 እና በ1573 መካከል ሲዲ ሰይድ የሚባል ሐበሻ ያሠራው መስጊድ አለ፤ መስኮቱ ላይ የዛፍ ቅርንጫፎች እንደ ጥልፍ በድንጋይ ተፈልፍለው ይታያሉ። ይህ በትልቅ ከተማ መካከል ስላለ ጎብኚ አይጠፋውም። በዚያው በጉጃራት ግን በባሩች አውራጃ ባለችው በራታንፑር፥ ከሐበሻ አገር መጣ የሚባለው የባቫ ጎር መቃብር አለ፤ ሲዲዎች በከበሮ እየዘፈኑና እየጨፈሩ በዓሉን ያከብራሉ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ድንጋይ ነው። አሁን ስለ ሰው እንናገር። በካርናታካ በያላፑርና በሃሊያል ጫካዎች አጠገብ፥ በጉጃራትም በጊር ዱር አቅራቢያ በጃምቡር፥ ሲዲዎች ዛሬም በሕይወት ይኖራሉ። የካርናታካዎቹ ኮንካኒና ካናዳ ይናገራሉ፤ ከእነሱም ሂንዱ፥ እስላምና ክርስቲያን አለ። ብዙዎቹ ፖርቱጋሎች ከምሥራቅ አፍሪቃ ወደ ጎዋ ያመጡአቸው ሰዎች ልጆች ናቸው። አብዛኛው ሕዝባቸው ድኻ ነው፤ የሰው እርሻ እየሠራ የሚያድር ብዙ ነው። በ2003 መንግሥት ልዩ እርዳታ ከሚገባቸው ነገዶች ቁጥር አገባቸው፤ በ2020 ደግሞ ከመካከላቸው የመጀመሪያው ሰው ሻንታራም ሲዲ በካርናታካ የሕግ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተሾመ። ሴቶቻቸው ከአሮጌ ጨርቅ የሚሰፉት ድሪቶ በመልኩ ውበት የታወቀ ነው።

እንግዲህ የንግግራችን ፍሬ እዚህ ላይ ነው። መሊክ አምበርን «የእኛ ጀግና» ብለን ስንጠራው፥ «ማን ሸጠው?» የሚለውን ጥያቄ አብረን ልንጠይቅ ይገባናል። በመርከብ ያሻገረው የባሕር ማዶ ነጋዴ ይሁን፤ ነገር ግን ከመንደሩ እስከ ጠረፉ የተነዳበት መንገድ በራሳችን ምድር የሚያልፍ ነበር። ከተሸጡት ብዙዎቹ በአገር ቤት ሳሉ ማንም «ሐበሻ» ብሎ የማይጠራቸው የደቡብና የምዕራብ ሰዎች ነበሩ። ስሙን ያገኙት አገራቸውን ካጡ በኋላ ነው። በአገራችን ባርነት በዐዋጅ የተሻረው በ1942 መሆኑን ስናስብ፥ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ለአንድ አምበር ስማቸው ያልተጻፈ፥ መቃብራቸው የማይታወቅ እጅግ ብዙ ሕፃናት ነበሩ። የአምበርን ክብር ወስደን የእነሱን ሐዘን ብንተው ግማሹን ታሪክ ብቻ ይዘን እንቀራለን።

ስለዚህ ወደ ሕንድ ለሚሄዱ ጓደኞቻችን ጥቂት ምክር እንስጥ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናሙ ከባድ ስለ ሆነ፥ ባሕሩም ስለሚናወጥ ወደ ጃንጂራ ለመሻገር አይመችም፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ባቡሩ ርካሽ ነው፤ ትንንሾቹ ከተሞችም በአውቶቡስ ይደረሳሉ። ወደ መስጊዶችና ወደ ቅዱሳን መቃብሮች ሲገባ ጫማ ይወለቃል፥ ራስ ይሸፈናል። ጾመኛ የሆነ ሰው ሥጋ የማይሠራበት ምግብ ቤት በየመንገዱ በማግኘቱ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን በወጡ ውስጥ ቅቤና እርጎ ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ። ወደ ሲዲዎቹ መንደር የሚሄድም እንደ እንግዳ ይሂድ እንጂ እንደ ትዕይንት ተመልካች አይሂድ። ሳይጋበዝ ፎቶግራፍ አያንሣ፤ «ጨፍሩልን» አይበል። «ከየት መጣችሁ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «እንዴት ትኖራላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። ወደ ሕንድ የሚሄድ ማናቸውም ተማሪ ከእነዚህ ቦታዎች ቢያንስ አንዱን አይቶ፥ ያየውን በአማርኛ ጽፎ፥ ያነሣውንም ፎቶግራፍ ጨምሮ ለዚህ ጋዜጣና ለቤተ መጻሕፍታችን ይላክ። በሌላ አገር ሊቃውንት የተጻፈልንን ታሪክ እያነበብን ከመኖር፥ በገዛ ዓይናችን አይተን በገዛ ቋንቋችን ብንጽፈው ይሻላል። ኩልዳባድ ያለው መቃብር አራት መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከትውልድ አገሩ መጥቶ «እንደምን አደርህ» ያለው ሰው ቢቆጠር እጅግ ጥቂት ይሆናል። ይህን ቍጥር መጨመር በእጃችን ነው።