ተራራው አላጠረም
ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ስለ ተራራ ቁመት ነው። «ቤት፣ ሥራና ቋንቋ ሲያስጨንቀን ተራራ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እቤታችሁ ድረስ የሚገባ ነው።

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «የኢትዮጵያ ትልቁ ተራራ ስንት ሜትር ነው?» ቢላችሁ፣ ፊደል የቆጠረው ወላጅ «ራስ ደጀን፣ 4,620 ሜትር» ብሎ ይመልሳል። የተማርነው እንዲያ ነውና። ልጁ ግን ኮምፒዩተሩን ከፍቶ «አባዬ፣ ተሳስተሃል፤ 4,550 ነው» ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ 4,533 የሚል ያገኛል። አባት ዝም ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው። ዕብራይስጡን የሚናገረው ልጁ ነው፤ ከመሥሪያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ የሚያነበውም ልጁ ነው። የአገር ቤቱን ተራራ እንኳ ልጁ የበለጠ ያውቃል ከተባለ ለወላጅ ምን ቀረው?

እንግዲህ ተራራው አላጠረም። የተለወጠው መለኪያው ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ራዳር ተሸክማ ለ11 ቀን ምድርን ዞረች። አንዱ አንቴና ከመንኮራኩሯ ላይ፣ ሁለተኛው 60 ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ ነበር። ወደ መሬት የተላከው ሞገድ ሲመለስ ሁለቱ አንቴናዎች ከተለያየ ቦታ ይቀበሉታል፤ በመካከላቸው ካለው ጥቂት ልዩነት የመሬቱ ከፍታ ይሰላል። ሁለት ዓይናችን ቅርብና ሩቁን እንደሚለየው ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ከዓለም የብስ 80 በመቶ ያህሉ ተለካ፤ ስሜንም ኢየሩሳሌምም በዚያ ውስጥ አሉ።

እንዲህ ያሉ አዳዲስ ልኬቶች ከመጡ ወዲህ የተራሮች ደረጃ እንደገና ተደለደለ። ራስ ደጀን በ4,620 ሲቆጠር ከኪሊማንጃሮ፣ ከኬንያ ተራራና ከርዌንዞሪ ቀጥሎ በአፍሪካ አራተኛ ይባል ነበር። በአዲሱ ቁጥር ግን 4,562 ሜትር የሆነው የታንዛኒያው ሜሩ ቀደመው።

ይሁን እንጂ የራዳሩም ቁጥር የመጨረሻ ቃል አይደለም። መሬቱን 30 በ30 ሜትር ያህል በሆኑ ቁራሾች ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ሹል ጫፍ ከዙሪያው ጋር ሲደባለቅ ዝቅ ይላል። ገደል በበዛበት ቦታ ደግሞ ሞገዱ ስለሚከለል ያልተለካ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ እሱም ከሌላ መረጃ ይሞላል። ከመጀመሪያውም እስከ 16 ሜትር ስሕተት ተፈቅዶለት የተሠራ ሥራ ነው። ለራስ ደጀን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ብታገኙ አይግረማችሁ።

ከልኬት ቀጥሎ የሚመጣው ምድብ ነው። በእንግሊዝ አገር በተለመደው ደንብ 2,000 ጫማ፣ ማለትም 609.6 ሜትር ያልሞላ ኮረብታ እንጂ ተራራ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የካርታ መሥሪያ ቤቱ ስሌቱን ሲያሻሽል ካፍ ቶፕ የተባለው ኮረብታ 609.606 ሜትር ሆነና በ6 ሚሊ ሜትር ተራራ ተባለ። በጎቹ ግን የዚያኑ ሣር ይግጣሉ።

የእኛም አባቶች ያለ ራዳር ምድብ ነበራቸው፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ባለሙያዎች በቁጥር ሲያስቀምጡት ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ይሉታል። ዛሬ ካርታ ሠሪዎች የራዳሩን ቁጥር በዚህ ሚዛን ከፍለው ካርታ ያወጣሉ። ገበሬው ግን ድንበሩን የሚያውቀው ጤፉ የት ላይ እምቢ እንደሚል፣ ገብሱ የት ላይ እንደሚያምር አይቶ ነው።

ይህንኑ ሚዛን ወደ ኢየሩሳሌም እናምጣው። ከተማዋ ወደ 800 ሜትር ላይ ናት። በቁጥሩ ብቻ ከሄድን ቆላ ናት! በጥር ማለዳ ከኢትዮጵያ ጎዳና ወደ ነቢያት ጎዳና የወጣ ሰው ግን ቆላ አይላትም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 በረዶ ጥሎ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። በረዶ ስል የአገር ቤቱን ጠጠር ሳይሆን እንደ ጥጥ የሚከመረውን ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ያለችው ጎንደር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ይህ አያገኛትም፤ ኢየሩሳሌም ግን ወደ ሰሜን ርቃለች። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና በአገር ቤት ሚዛን ተማምናችሁ ልጆቻችሁን በስስ ልብስ አትላኩ። ወደ ሙት ባሕር ከወረዳችሁ ደግሞ ከባሕር ወለል 430 ሜትር ያህል በታች ትሆናላችሁ፤ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ የሚለወጠው መለኪያው ብቻ አይደለም፤ ባሕሩ ራሱ በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል ይጎድላል።

እንግዲህ ልጃችሁ አዲስ ቁጥር ሲያመጣ አትቆጡት፤ ዝምም አትበሉ። «መቼ ተለካ? በምን ተለካ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህ ጥያቄ ዕብራይስጥ አይፈልግም፤ መምህሩም ቢሆን የሚያከብረው ጥያቄ ነው። ከዚያ በኮምፒዩተሩ የከፍታ ካርታ ላይ አብራችሁ የመንደራችሁን አምባ ፈልጉ። የመንደሩ ስም ላይጻፍ ይችላል፤ የተዋችሁት ቤትም ፈርሶ ይሆናል። ሸንተረሩና ወንዙ ግን ይታያሉ። ውኃ የቀዳችሁበትን፣ ከብት የጠበቃችሁበትን፣ ዘመዶቻችሁ የተቀበሩበትን በጣታችሁ አሳዩት። ልጁ ቁጥሩን ይጻፍ፤ የቦታውን ስም ግን ራዳሩ አይነግረውምና እናንተ አጽፉት። እናንተ ካልነገራችሁት ማን ይነግረዋል?