የፒንግ መልስ ምን ያህል ይታመናል?



አንድ የኔትወርክ መሥመር ተዘርግቶ ርክክብ ሲደረግ በመካከላችን የተለመደ ሥርዓት አለ። መሐንዲሱ ፒንግ ይልካል፤ አራት መልሶች ይመለሳሉ፤ ሰነዱ ይፈረማል። በሳምንቱ ደንበኛው «ትልቅ ፋይል መላክ አቃተኝ» እያለ ይመጣል። ዛሬ ልናገር የፈለግሁት ያ ፊርማ በምን ማስረጃ ላይ እንደ ቆመ ነው።

ፒንግን እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው አሜሪካዊው ማይክ ሙስ ሲሆን፣ የተመሠረተበት የአይሲኤምፒ ደንብ በ1981 የወጣ ነው። በደንቡ መሠረት ጥያቄ የደረሰው ኮምፒውተር የተላከለትን ባይት ሁሉ መልሶ ይልካል። ይሁን እንጂ መጠን ካልተወሰነለት ዊንዶውስ የሚልከው 32፣ ሊኑክስም 56 ባይት ብቻ ነው። ይህን ያህል ትንሽ እሽግ (ፓኬት የምንለውን ማለቴ ነው) በማናቸውም ጠባብ በር ያልፋል። የመሥመሩ ጠባይ የሚታወቀው እሽጉ ከበሩ ሲሰፋ ነው።

የኢተርኔት በር 1,500 ባይት ነው። ለአይፒ ራስጌ 20፣ ለአይሲኤምፒ ራስጌ 8 ሲነሣለት 1,472 ይተርፋል። 4,000 ባይት የጫነ ፒንግ ብንልክ፣ ከአይሲኤምፒ ራስጌው ጋር 4,008 ሆኖ 1,480፣ 1,480 እና 1,048 ባይት ባላቸው ሦስት ቁራጮች ይከፈላል። የአይሲኤምፒ ራስጌው ያለው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው፤ ይህንንም ምክንያት አድርገው የቀሩትን የሚጥሉ ፋየርዎሎች አሉ። በመንገድ ላይ 1,492 ባይት ብቻ የሚያሳልፍ የዲኤስኤል መሥመር ቢገጥም፣ ራውተሩ እያንዳንዱን ባለ 1,480 ቁራጭ ወደ 1,472 እና ወደ 8 ይከፍለዋል። ስምንት ባይት ለማድረስ ሃያ ባይት ራስጌ! ከእነዚህ አንዷ ብትጠፋ ተቀባዩ ጥቂት ጠብቆ፣ በሊኑክስ ልማድ 30 ሴኮንድ፣ ሁሉንም ይጥላል።

አሁን ወደ መልሱ እንምጣ። መልሱ የጥያቄው ጥላ አይደለም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቁራጮቹን በመጀመሪያ ይገጣጥማል፤ ከዚያም መልሱን በራሱ በር ስፋት እንደ ገና ይከፋፍለዋል። በሩ 9,000 ባይት የሚያሳልፍ ከሆነ፣ በሦስት ቁራጭ የመጣው ጥያቄ በአንድ ወጥ መልስ ይመለሳል። በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 ደግሞ መከፋፈል የማይችል ሥርዓት መልሱን አሳጥሮ እንዲልክ ያዛል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ «አትክፈሉት» የሚለው ምልክት ነው። የመንገዱን ስፋት ለመለካት ምልክቱን በፒንጋችን ላይ እናደርጋለን፤ 1,472 ባይት ደርሶ ከተመለሰ «መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ 1,500 ነው» እንላለን። ሊኑክስ ግን መልሱን የሚልከው ያለ ምልክቱ ነው። ስለዚህ በመመለሻው ላይ ያለ ጠባብ በር መልሱን ከፍሎ ያሳልፈዋል፤ እኛ የለካነው መሄጃውን ብቻ ነው። በአንጻሩ 4.4 ቢኤስዲ የመጣውን እሽግ ራሱን አድራሻውን አገላብጦ ይመልስ ስለ ነበር፣ ምልክቱም አብሮ ይመለስና መልሱ በጠባቡ በር ይቀር ነበር። መሥመሩ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት።

የደንበኛው ፋይል የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉን የሚያጓጕዘው ቲሲፒ በ1990 በወጣው ደንብ መሠረት «አትክፈሉት» ብሎ ይልካል፤ በሩ ሲጠብበት «እሽጉ ሰፍቷል» የሚል የአይሲኤምፒ መልእክት እንዲመለስለት ይጠብቃል። ለጥንቃቄ በሚል አይሲኤምፒን በሙሉ የዘጋ ፋየርዎል ይህን መልእክት ያስቀራል። በ1996 ሲገጣጠም ከ65,535 ባይት የሚያልፍ ፒንግ ብዙ ኮምፒውተሮችን ይጥል ስለ ነበር፣ ፍርሃቱ በጊዜው ምክንያት ነበረው። ያ ጉድለት ከታረመ ግን ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በጅምላ መዝጋቱ ዛሬ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በአይፒ ስሪት 6 ራውተር እሽግ ከቶ ስለማይከፍል፣ ጉዳቱ በዚያ የባሰ ነው።

እንግዲህ በርክክብ ሰነዳችን ላይ የፒንጉ መጠንና ምልክቱ መኖር አለመኖሩ፣ የመላሹም ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንዲመዘገብ፣ ልኬቱም ከሁለቱም ጫፍ ለየብቻ እንዲካሄድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሥራው ከአሥር ደቂቃ የሚበልጥ አይመስለኝም።