ቴሌስኮፑ አልተበላሸም



ከውጭ አገር ዘመድ ቴሌስኮፕ የመጣላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አለ። «ገጣጠምነው፣ ወደ ሰማይ አዞርነው፣ የሚታየው ግን ጨለማ ብቻ ነው፤ ተበላሽቶ ይሆን?» ይሉኛል። አልተበላሸም። ብዙውን ጊዜ ያሳሳታቸው ካርቶኑ ነው። «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ሰው ገና በመጀመሪያው ምሽት ከፍተኛውን ማጉያ ይሰካል።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ላስረዳችሁ። የማጉላት ልክ የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት፣ ዓይናችንን ለምናስጠጋባት ትንሿ ሌንስ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። የቴሌስኮፑ 700 ሚሊሜትር ቢሆንና ባለ 25 ሚሊሜትሯን ሌንስ ብትሰኩ 28 ጊዜ ያጎላል። ባለ 4 ሚሊሜትሯን ሰክታችሁ፣ ባርሎ የሚባለውን ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ሌንስ ብትጨምሩበት 525 ይደርሳል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ምስሉ ግን የለም። የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊሜትር ከሆነ የሚያዋጣው ቢበዛ 140 ጊዜ ድረስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምስሉ ይደበዝዛል፤ የሚታየው የሰማይ ክፍልም እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 20 ወይም 25 የተጻፈባትን ሌንስ ብቻ ተጠቀሙ።

ቀን ላይ የሚሠራ ሥራም አለ። ከጎን ያለችው ትንሿ ማነጣጠሪያ ከዋናው ቴሌስኮፕ ጋር አንድ ቦታ ማየት አለባት። ፊታችሁን ከፀሐይ በተቃራኒ አድርጋችሁ፣ ሩቅ ያለ የስልክ ማማ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት በዋናው መሐል አስገቡ። ከዚያ የማነጣጠሪያዋን ብሎኖች እያዞራችሁ ያንኑ ጉልላት መሐሏ ላይ አምጡ። ጉልላቱ ተገልብጦ ወይም ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ ሰማይ ለማየት የተሠራ ቴሌስኮፕ ጠባዩ ነው።

መጀመሪያ ጨረቃን እዩ፤ ሙሉዋን ግን አይደለም። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራባት ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ተራራው ከጉድጓዱ አይለይም። ጨረቃ ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ሲሆናት፣ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር ተከተሉ። ሰሜን ተራሮች ላይ ያደረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ሸለቆው ገና ጨለማ ሳለ ጫፎቹ ቀድመው ይበራሉ። ጨረቃ ላይም በጨለማው ውስጥ ለብቻቸው የሚያበሩ ነጥቦች ታያላችሁ። የተራራ ጫፎች ናቸው፤ እየነጋላቸው ነው። በማግስቱ መስመሩ ፈቀቅ ይልና ሌላ አገር ይገለጣል። እኔ ይህን ስንት ጊዜ አይቼ እስካሁን አልጠገብኩትም።

ቀጥሎ ጁፒተር። ጋሊሊዮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1610 የጁፒተርን ጨረቃዎች ያገኘው 20 ጊዜ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነው። የእናንተ 28 ከዚያ ይበልጣል። አራቱን ነጥቦች ፈልጉ፤ ቦታቸውን ደብተር ላይ ሳሉ፣ ነገም ሳሉ። መቀያየራቸውን በገዛ ዓይናችሁ ታረጋግጣላችሁ። ጁፒተር ከሌንሱ እየሸሸ ቢያስቸግራችሁ፣ ምድር እየዞረች ስለሆነ ነው፤ ቀስ እያላችሁ ተከተሉት።

አገራችን ለዚህ የተመቸች ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፕላኔቶች ወደ አናታችን ተጠግተው ያልፋሉ፤ ከፍታችንም ከላያችን ያለውን አየር ያሳሳዋል። እንጦጦ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የመመሪያው ደብተር «በሰሜን ኮከብ አስተካክሉ» ካላችሁ ግን ልብ በሉ፦ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ፣ ማለትም በተዘረጋ እጅ አንድ ጭብጥ ያህል ነው ከፍ የሚለው። ሕንፃ ወይም ኮረብታ በቀላሉ ይጋርደዋል። ቀን ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ጣራም ሲመሽ ሙቀቱን እየለቀቀ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከጣራው በላይ አሻግራችሁ አትዩ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ሲወጣ፣ ከመቀነቱ አጠገብ ያለውን ጉም መሰል ብርሃን ፈልጉ። እንደ ፎቶግራፉ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ አይታይም፤ ካሜራ ብርሃንን ለረጅም ጊዜ ያጠራቅማል፣ ዓይን ግን አያጠራቅምም። ግራጫ ጭስ ይመስላል። ይሁንና ያ ብርሃን ከዚያ የተነሣው ከ1,300 ዓመት ገደማ በፊት፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሳይታነጹ ነው። እንዲታያችሁ ስልካችሁን አስቀምጡና ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቆዩ። ሰፈሩ መብራት የጠፋበት ምሽት ከሆነ ደግሞ ፈጥናችሁ ውጡ።

ወላጆች፣ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት በቅጽበት ዓይን ያጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ግርዶሹን ያያችሁበት መነጽርም ለዚህ አይሆንም፤ በሌንሱ የተሰበሰበው ሙቀት ያቃጥለዋል። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሲቃጠል ስለማያም ልጁ ተጎዳሁ ብሎ አይነግራችሁም። ቀን ቀን ክዳኑን ግጠሙና ልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።