ዳታን በፋይል ስለ መጻፍ



ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ዶካ የመዝገብን ዋጋ በሚገባ ታውቃለች። በአካባቢዋ ያለው የኡም ራኩባ የስደተኞች ጣቢያ በ1977 ዓ.ም. በረኃብ የተሰደዱትን ኢትዮጵያውያን አስጠግቶ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል እንደ ገና ተከፈተ። ለስደተኛ ስሙ በመዝገብ መገኘቱ እህልና መድኃኒት፣ ለልጁም ትምህርት ማለት ነው። ስሙ ከመዝገብ የወጣ ሰው በሰልፍ ቆሞ ሳለ እንደሌለ ይቈጠራል።

ዛሬ መዝገብ በኮምፒውተር ስለሚጻፍ፣ ፕሮግራም የሚማር ወጣት አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ የያዘው ዳታ የሚኖረው በጊዜያዊ ማኅደር ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ወይም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲቈይ የተፈለገው ሁሉ ከፕሮግራሙ ውጭ ባለ ፋይል መጻፍ አለበት። ለዚህም በፓይተን ቋንቋ ሦስት ትእዛዞች አሉ፤ ፋይሉን የሚከፍተው ኦፕን፣ የሚጽፈው ራይት፣ የሚዘጋውም ክሎዝ ናቸው። ሦስቱም ጥንቃቄ ይሻሉ።

መጀመሪያ፣ ፋይል «ደብሊው» በሚባለው ፊደል የተከፈተ እንደ ሆነ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይደመሰሳል፤ «ኤ» በሚባለው ከተከፈተ ግን አዲሱ ጽሕፈት ከቀድሞው ቀጥሎ ይገባል። በአንዲት ፊደል ስሕተት የትናንቱ ተመዝጋቢ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የፊደሉ ሥርዐት መታወቅ አለበት። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩቲኤፍ 8 ሥርዐት እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ለተብርሃን የሚለው ባለ 6 ፊደል ስም 18 ባይት ይይዛል። ለላቲን ፊደል ብቻ በተሠራ ሥርዐት ቢጻፍ ግን ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ወይም የሰው ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ራይት የተቀበለውን ሁሉ ወዲያው ወደ ዲስክ አያደርስም፤ ጥቂት እስኪጠራቀም ድረስ ያቈየዋል። ስለዚህ ፋይሉ ሳይዘጋ መብራት ቢጠፋ የተጻፈ የመሰለው ሳይጻፍ ይቀራል።

ከዚህም ሌላ አንድ ቅጂ አይበቃም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ሰው በሚሰደድበት ጊዜ ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ በኮማ የተለያየ ተራ የጽሑፍ ፋይል ግን በሌላ ስፍራ ቅጂው ካለ በማናቸውም ኮምፒውተር ይነበባል።

እንግዲህ መምህር ተማሪውን ሲፈትን ፕሮግራሙ ያለ እክል መሥራቱን በማየት ብቻ አይርካ። ፋይሉን አዘግቶ፣ እንደ ገና አስከፍቶ፣ የገቡትን ስሞች ከወጡት ጋር ያስቈጥር። አንዲት ስም ብትጐድል የጐደለው ሰው ነውና።