የእቴጌ መነን አስፋው ስእለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



በቅድስት ሀገር የሚኖረው የኢትዮጵያ ማኅበረ መነኮሳት በጎ አድራጊዎቹን ሲያስብ፥ ከነገሥታቱና ከመኳንንቱ ስም ጋር የአንዲት እናት ስም አብሮ ይነሣል፤ ይኸውም የግርማዊት እቴጌ መነን አስፋው ስም ነው። ዓለም እቴጌይቱን ዘውድ በመድፋታቸው ያውቃቸዋል፤ ገዳማውያን ግን ዘውዳቸውን በመስጠታቸው ያስቧቸዋል።

እቴጌ መነን ከአባታቸው ከአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፥ ከእናታቸውም ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከወይዘሮ ስሂን ተወለዱ። በ1903 ዓ.ም. በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡትን ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን አግብተው ስድስት ልጆች ወለዱላቸው። እነዚህም ልዕልት ተናኘ ወርቅ፥ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፥ ልዕልት ዘነበ ወርቅ፥ ልዕልት ፀሐይ፥ ልዑል መኰንንና ልዑል ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ቀን የእቴጌነት ዘውድ ደፉ። ነገር ግን ልባቸው የነበረው ከልጆቻቸው፥ ከቤተ ክርስቲያንና ከድኾች ዘንድ ነው። በስማቸው የሚጠራው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤትም በአዲስ አበባ ከተማ በእ.ኤ.አ. 1931 ተከፈተ።

በእ.ኤ.አ. 1933 ወደ ኢየሩሳሌም ተሳልመው፥ ጌታችን በተጠመቀበት በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር የቅድስት ሥላሴን ገዳም አሠሩ። ያን ጊዜ የመጡት በክብርና በሰላም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ወደዚያችው ቅድስት ከተማ በስደት ተመለሱ።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተ ሰባቸው ከሀገር ወጡ። ከዚያም በእንግሊዝ ሀገር በባዝ ከተማ ተቀመጡ። የዚያ ሀገር ብርድ ለእቴጌይቱ ጤና ስላልተስማማ፥ ክረምቱን ብዙ ጊዜ በኢየሩሳሌም ያሳልፉ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ስደተኛ ኢትዮጵያውያን በገዳማቱ ተጠግተው ስለ ሀገራቸው ያለቅሱ ነበርና፥ የእቴጌይቱ ልቅሶም ከእነርሱ ልቅሶ ጋር ተደባለቀ። በቅድስት ሀገር፥ በሶርያና በሊባኖስም ከሚገኙት ቅዱሳት መካናት ወደ አንዱ ሲሄዱ፥ ከሌላውም ሲመለሱ፥ ልመናቸው አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም የኢትዮጵያ ነጻነት ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን በቤተ ልሔም፥ በጌታችን ልደት ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ለእመቤታችን ስእለት ተሳሉ፤ ኢትዮጵያ ነጻ ብትወጣ፥ በንግሥ ቀን የደፉትን ዘውድ ለዚያው ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ቃል ገቡ። ይህ ስእለት በዚያ ስፍራ መደረጉ ምሥጢር አለው። ቤተ ልሔም እናት ማደሪያ ያጣችበት፥ ንጉሥም በበረት የተኛበት ስፍራ ነውና፥ ቤቷን ያጣች ስደተኛ እናት ኀዘኗን የምታፈስበት ከዚህ የተሻለ ስፍራ ከወዴት ታገኛለች?

በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነጻነቷን አገኘች። በጭንቅ ጊዜ የማይሳል ሰው የለም፤ ጭንቁ ካለፈ በኋላ ስእለቱን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ምክንያትም አይታጣም፤ ዘውዱ የመንግሥት ክብር ነው፥ ለሚመጡት እቴጌዎች ያስፈልጋል፥ ምሳሌው ተሠርቶ ቢላክ ይበቃል ማለት ይቻል ነበር። ምሳሌውስ በእውነት ተሠራ፤ ነገር ግን ምሳሌው ለሚመጡት እቴጌዎች ቀርቶ፥ በንግሥ ቀን የተደፋው ዋናው ዘውድ ወደ ቤተ ልሔም ተላከ። ነቢዩ ሳሙኤልን በስእለት ያገኘች ሐና ሕፃኑን ጡት ባስጣለች ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ ወስዳ እንደ ሰጠች፥ እቴጌ መነንም በእንባ የተናገሩትን በደስታ ቀን አልካዱም።

ስእለቱ የተሰማለት ሰው ከእንግዲህ ወዲህ ኀዘን አያገኘውም የሚል ቢኖር፥ የእቴጌይቱን ቀሪ ዘመን ይመልከት። ልዕልት ዘነበ ወርቅ ከወረራው አስቀድመው ዐርፈው ነበር። ሀገር ነጻ በወጣች በማግሥቱ ዓመት፥ በ1934 ዓ.ም.፥ በስደት ዘመን የአስታማሚነት ሙያ የተማሩት ልዕልት ፀሐይ ዐረፉ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሞቱ። እናት ልጆቿን ስትቀብር ከልቧ የሚወጣውን እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። እቴጌ መነን ግን ከጸሎትና ከምጽዋት አልተለዩም፤ የሰጡትንም መልሰው አልጠየቁም። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐርፈው በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ልዑል ሣህለ ሥላሴም ሁለት ወር ያህል ቆይተው ተከተሏቸው። የባለቤታቸውም ዐፅም በጥቅምት 1993 ዓ.ም. በዚያው ካቴድራል ዐረፈ።

ያሠሩት የዮርዳኖስ ገዳም ደግሞ የራሱን መከራ አየ። ከእ.ኤ.አ. 1967 ጦርነት በኋላ አካባቢው የጦር ቀጣና ሆኖ ፈንጂ ተቀበረበት፤ የጸሎት ድምፅ ይሰማባቸው የነበሩት ገዳማትም ለብዙ ዘመን ዝም አሉ። ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ፈንጂው እየተለቀመ ምድሩ ጸዳ። ስለ እግዚአብሔር የተሰጠ ስጦታ ቢዘጋም አይጠፋም፤ የሚያስበው ሰው ይሻል እንጂ።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ በጥምቀት በዓል ወደ ዮርዳኖስ፥ በልደትም ወደ ቤተ ልሔም ስትወርዱ የእኒህን እናት ስም በጸሎት ጥሩ። ዘውድ የሌላት እናትም አትዘን። በመሶቧ ካለው ለድኻ የምታካፍል፥ ልጆቿን በጾምና በጸሎት የምታሳድግ፥ በጭንቅ ቀን የተናገረችውን በደስታ ቀን የምትፈጽም ሁሉ፥ የእቴጌ መነንን ሥራ ሠርታለች። እግዚአብሔር የሚመለከተው የስጦታውን ክብደት ሳይሆን የሰጪውን ልብ ነውና።

አምላከ አብርሃም፥ አምላከ ይስሐቅ፥ አምላከ ያዕቆብ የእቴጌ መነንን ነፍስ ከደጋጎች እናቶች ጋር ያሳርፍ፤ ስእለታችሁን ይስማ፥ ለመፈጸምም ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።