ገልብጦ ማየት፦ የስፌት ዕቅዴ በዓመቱ እኩሌታ
(በየአጥቢያው ለሚገኙ የልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ የመንፈቅ ዓመት የግምገማ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመርሐ ግብሩ ላይ ከስሜ ትይዩ የተጻፈው «የስፌት ፕሮጀክት የ6 ወር አፈጻጸም» የሚል ነው። የአፈጻጸሙ ሠንጠረዥ በእጃችሁ ስላለ እርሱን በማንበብ ጊዜያችሁን አልወስድም። በእርሱ ፈንታ የራሴን የስፌት ዕቅድና በዚህ በዓመቱ እኩሌታ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ቀልድ የመሰላችሁ ትኖሩ ይሆናል፤ ባለቤቴም በመጀመሪያ እንዲሁ መስሏት ነበር።

ምክንያቱን ላስረዳ። ባለፉት ዓመታት ስለ ስፌት ሥልጠና ብዙ ዘገባ ጽፌአለሁ። ስንት መኪና እንደ ተከፋፈለ፣ ስንት እናቶች እንደ ሠለጠኑ፣ ስንት ሜትር አቡጀዲ እንደ ተገዛ ጽፌአለሁ። ባለፈው ክረምት በአንድ አጥቢያ ስዘዋወር አንዲት ሠልጣኝ የመኪናዋ ክር በየት በየት በኩል ዞሮ ወደ መርፌው እንደሚገባ ጠየቀችኝ። እንደማውቅ አልተጠራጠረችም፤ የሥልጠናው ኃላፊ ተብዬ የቆምሁት እኔ ነኛ። አላውቅም ነበር። እርሷ በትሕትና ዝም አለች፤ እኔ ግን በዚያ ቀን ያፈርሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህም በመስከረም ወር በማስታወሻ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ 4 ግቦች ጻፍሁ። የጽሕፈት ቤታችን ዓመት በሐምሌ ይጀምራል፤ የእኔ የስፌት ዓመት ግን ከዘመን መለወጫ ስለ ጀመረ አሁን በየካቲት ማብቂያ 6 ወር ሞላው።

የመጀመሪያው ግብ ከአቡጀዲ ለራሴ የሚሆን አንድ ረጅም ቀሚስ መስፋት ነው። ሁለተኛው በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ሥራ፣ የትራስ ልብስም ይሁን ከረጢት፣ እየጨረስሁ በዓመቱ 52 ማድረስ ነው። ሦስተኛው የቤተሰቤን የተቀደደ ልብስ ሌላ ዘንድ ሳልልክ ራሴ መጠገን፣ አራተኛውም የማይተረተር የቁልፍ ቀዳዳ በእጅ መሥራት ነው። መምህሬ በሰፈራችን በረንዳ ላይ ለብዙ ዘመን የሠሩ አንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊ ናቸው። መኪናቸው በእግር የሚረገጥ ነው።

ስለ መኪናው አሠራር ጥቂት ልበል፤ ኋላ ለምናገረው ያስፈልገኛልና። በ1846 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኤልያስ ሃው የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ በ1851ም አይዛክ ሲንገር አሻሽሎ ያስመዘገበው መኪና የሚሰፋው በ2 ክር ነው። አንዱ ክር ከላይ በመርፌው ይወርዳል፤ ሌላው ከታች ይጠብቀዋል፤ ሁለቱም በጨርቁ መካከል ይቆላለፋሉ። የላይኛው ክር ውጥረት ሲላላ ጉዱ የሚታየው ከላይ አይደለም፤ በጨርቁ ሥር ተዝለግልጎ ይገኛል። እኔም እንደ ጀማሪ ሁሉ የታችኛውን ክር ደጋግሜ ስወቅስ ቆየሁ። መምህሬ ከላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ጥቂት ጠበቅ ቢያደርጓት ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ። በቢሮ ሥራም ጥፋቱ ታች ታይቶ መንሥኤው ላይ የሚገኝበት ጊዜ እንዳለ የማያውቅ ከመካከላችን የለም፤ ግን እርሱን እንለፈው።

ወደ ቀሚሱ ልመለስ። በጥቅምት ልኬቴን ወስጄ፣ በጠመኔ አስምሬ ቆረጥሁ። ለስፌት የሚታጠፈውን ትርፍ ግን ረሳሁ። በእያንዳንዱ ጠርዝ 1.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን የፊቱና የኋላው ጨርቅ ሁለት ሁለት ጎን ስላለው 4 ጠርዝ ይሆናል፤ 6 ሳንቲ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ይህም አልበቃ፤ ጨርቁን ሳላጥብ ስለ ቆረጥሁት ከታጠበ በኋላ ከእያንዳንዱ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰበሰበ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል ያልሁት ቀሚስ ለታላቁ ልጄ እንኳ ጠበበ። ጌታችን በወንጌል ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አዲስ እራፊ የተናገረውን (ማቴ. 9፥16) ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስንት ጊዜም አስተምሬዋለሁ! ያልታጠበ ጨርቅ ሲሰበሰብ የተሰፋበትን አሮጌውን እየሳበ እንደሚቀድደው ግን እጄ ያወቀው በዚያ ቀን ነው። ቃሉን ይሰሙ የነበሩት ሰዎች ልብስ የሚጠግኑ ስለ ነበሩ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

የሁለተኛው ግብ ውጤት በቁጥር ሲገለጽ እነሆ፦ በ26 ሳምንት 26 ሥራ መጠናቀቅ ነበረበት፤ የተጠናቀቀው 11 ነው። ከጎደሉት ለአንዳንዶቹ ምክንያት አለኝ፤ የመስክ ጉዞ ነበረ፣ ልጅም ታሞብኝ ነበር። ቢያንስ ለ6ቱ ሳምንታት ግን ከስንፍና በቀር የማቀርበው የለኝም። ጾመ ነቢያትን እንደ ምክንያት ጽፌ ነበረ፤ ኋላ ሳነበው አፍሬ ሰረዝሁት፤ ጾም መርፌ አያስጥልምና።

ይህ 11 የሚለው ቁጥር ራሱ ግን ሌላ ነገር ይዟል። መምህሬ ሥራዬን ሳሳያቸው ፊቱን አያዩም። «እስቲ ገልብጠው፣ ዲያቆን» ይሉኛል። ሲገለበጥ ያልታጠፈ ጠርዝ፣ ያልተቋጠረ የክር ጫፍ፣ መንገዱን የሳተ ስፌት ይወጣል። እስከ ታኅሣሥ ድረስ እየቸኰልሁ የሠራኋቸው ከፊት ያምሩ ነበር፤ ሳምንቱ ሳያልፍ ቁጥሯ እንድትሞላ ብቻ ነበረ የሰፋኋቸው። ከ11ዱ ተገልብጠው ያላሳፈሩኝ 5 ናቸው። እንግዲህ በደብተሬ ላይ የትኛውን ልጻፍ? እኔ ራሴ ባዘጋጀሁትና በየሩብ ዓመቱ ወደ እናንተ በምልከው ቅጽ ላይ የሚጻፈው 11 ነው። የቅጹ ሳጥን ከዚህ የተለየ አይጠይቅም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ስለ ጣቢታ የተጻፈውን ታስታውሳላችሁ። በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ ጴጥሮስን የጠበቁት ባልቴቶች ስንት ቀሚስ እንደ ሰፋች አልነገሩትም። ቀሚሶቹንና ልብሶቹን ራሳቸውን እያለቀሱ አሳዩት። ዘገባ አዘጋጅ እንደ መሆኔ ይህን ክፍል ሳነብ አሁን አሁን ዝም ብዬ አላልፈውም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ዋና ነገር ልምጣ። በጥቅምት ወር በአንድ የገጠር አጥቢያ አንዲት ባሏ የሞተባትን እናት ጎብኝቼ ነበር። መኪናዋ በቤቷ ጥግ በንጹሕ ነጠላ ተሸፍኖ አየሁት። በቅጹ ላይ «ሥልጠናዋን አጠናቅቃ ሥራ የጀመረች፤ መኪናውን በጥንቃቄ ይዛለች» ብዬ ጻፍሁ፤ ቡናዋንም ጠጥቼ ወጣሁ። በኅዳር እኔ ራሴ በመምህሬ መኪና ላይ ወፍራም ጨርቅ በቀጭን መርፌ ልስፋ ስል መርፌውን ሰበርሁ። ሌላ ገዝቼ ስተክል አልሰፋ አለኝ፤ መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ የታችኛውን ክር ግን አይዝም። ሁለት ቀን ታገልሁ። የመርፌው አናት አንደኛው ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ያ ጎን የሚዞርበት አቅጣጫ በየመኪናው የታወቀ ነው። እኔ ወደ ተቃራኒው አዙሬ ተክዬው ኖሯል። ሲስተካከል ወዲያው ሰፋ። በዚያች ምሽት ያ በነጠላ የተሸፈነ መኪና ትዝ አለኝ። ከአቧራ የተሸፈነ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በሥራ ላይ ያለ መኪና በጠራራ ቀን ለምን ይሸፈናል?

በታኅሣሥ ተመልሼ ሄድሁ፤ በዚህ ጊዜ ቅጽ አልያዝሁም። «እኅቴ፣ መኪናው ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ከነሐሴ ጀምሮ መርፌው ተሰብሮ ነው፤ ሌላ ገዝቼ ብሞክር እንቢ አለ» አለችኝ። ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት «ሰበርሽው ተብዬ ይወሰድብኛል ብዬ ፈርቼ» አለች። መርፌውን ፈትቼ፣ ጠፍጣፋ ጎኑን አዙሬ መለስሁላት። ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። እርሷ ግን 4 ወር አጥታለች፤ ከእነዚህም ውስጥ ጳጉሜንና መስከረም አሉበት፤ የተማሪዎች የደንብ ልብስ የሚሰፋበት፣ ልብስ ሰፊ ሁሉ ዓመቱን የሚጠብቀው ወቅት ነው። ያ ዳግመኛ የሚመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

በዚያው ዕለት ግቧ ምን እንደ ነበር ጠየቅኋት። በእኛ ወረቀት ላይ «በወር 10 ልብስ» ይላል፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እርሷ ያሰበችው ግን ለ2 ልጆቿ የፋሲካ ልብስ በእጇ መስፋትና የዕቁቧን መዋጮ ሳትበደር መክፈል ነበር። 10 የሚለውን ቁጥር ከእኔ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው።

ከዚህ በኋላ የራሴን ደብተር ከፍቼ 52 የሚለውን ሰረዝሁ። በቀሩት 6 ወራት ተገልብጠው የሚታዩ 12 ሥራዎች ልሠራ ተካሁት። ይህን ለአንድ ካህን አባቴ ስነግራቸው «ዓመቱ ሳያልቅ ዕቅድ መቀነስ ለስንፍና በር መክፈት አይሆንም ወይ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። እኔም የሰጠኋቸው መልስ ይህ ነው፤ በስንፍና የጎደሉት 6 ሳምንታት በደብተሩ ላይ እንደ ተጻፉ ይኖራሉ፤ አልተሰረዙም። የተሰረዘው ስፌት ሳላውቅ የጻፍሁት ቁጥር ነው። እርሳቸው ግን ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አይመስለኝም።

አራተኛው ግብ ብዙ አያናግርም፤ በእራፊ ላይ 30 ያህል የቁልፍ ቀዳዳ ሠርቻለሁ፤ ለልብስ የሚበቃ አንድም የለም። ሦስተኛው ግን፣ እንደ ትንሽ ነገር የጻፍሁት ጥገና፣ ከሁሉ ይልቅ ተሳክቶልኛል። የልጆቹ ሱሪ ጉልበቱ ሲቀደድ፣ የባለቤቴ ቀሚስ እጅጌው ሲተረተር፣ የእኔ ኮት ገበሩ ሲወርድ እየጠገንሁ አለሁ። ስንት እንደ ሆነ አልቈጠርሁም፤ እንዲቈጠር አስቤም አልነበረ። ለምን ይህ እንደ ተሳካ ስመረምር፣ የሚለብሰው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስለሚጠብቅ ይመስለኛል። የትራስ ልብሱን ማንም አይጠብቀውም ነበር።

ለኮሚቴዎቻችሁ የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ የወጣ ነው። ከፋሲካ በፊት በየአጥቢያው አንድ ቀን ይቆረጥና እያንዳንዷ ሠልጣኝ የሰፋችውን አንድ ልብስ ይዛ ትምጣ፤ ልብስ መስፋት የሚያውቅ ሰው ገልብጦ ይየውና ይንገራት፤ እኛ ቈጣሪዎቹ ደግሞ እንስማ። ያልሰፋችም ባዶ እጇን ትምጣ፤ መኪናው እንደማይወሰድባት አስቀድሞ በአውደ ምሕረት ይነገር፤ ይህን ቃል ያለ እናንተ ማንም ሊሰጣት አይችልም። በኮሚቴው እጅ ጥቂት መርፌ ይቀመጥ፤ ለመካከለኛ ጥጥ 90፣ ለወፍራም ጨርቅ 100 እና 110 ቁጥር ይበቃል። ቅጹንም አሻሽዬ አምጥቻለሁ፤ «ምን ያህል ሰፋች» ከሚለው በላይ «ምን አቆማት» እና «የራሷ ግብ ምንድን ነው» የሚሉ 2 መስመሮች ገብተውበታል። የዚያች እናት መስመር በሠንጠረዡ ላይ ታርሟል፤ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው «ሥራ አቁማ ነበር» ተብሎ ተጽፏል፤ የጥቅምቱ ዘገባ ስሕተት የእኔ መሆኑም በግርጌው ሰፍሯል።

ቀሚሱን በተመለከተ፣ ሁለተኛውን ጨርቅ አጥቤ፣ በካውያ ተኵሼ፣ ትርፉን ጨምሬ ቆርጫለሁ። አካሉ ተሰፍቷል፤ አንገቱም ሁለት ጊዜ ተተርትሮ በሦስተኛው ገብቷል። እጅጌ ገና የለውም። ይዤው መጥቻለሁ፤ በሻይ ዕረፍቱ ከመግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስለማስቀምጠው ስፌት የምታውቁ ገልብጣችሁ እዩልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።